የሩብ ፔኒ ድል

በ1901 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዙ ቸኮሌት አምራች ካድቤሪ አንድ የእርሻ ሽያጭ ማስታወቂያ እጁ ይገባል። እርሻው ያለው ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ራቅ ብላ በምትገኘው የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት በነበረችው በሳኦ ቶሜ ደሴት ነው። ከንብረቱ ዝርዝር ውስጥ ሁለት መቶ ጥቁር ሠራተኞች ከነዋጋቸው ሰፍረዋል።

ሰው ከነዋጋው! ልብ በሉ፣ ፖርቱጋል ባርነትን በሕግ ካስቀረች ያኔ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ባሪያ አይባሉም፤ የአምስት ዓመት ውል የገቡ “አገልጋዮች” ናቸው። በተግባር ግን ከአንጎላ መሃል አገር እየተሸጡ ወደ ጠረፍ ይነዳሉ፣ ባለሥልጣን ፊት ቀርበው ውል ይጻፍላቸዋል፣ መርከብ ላይ ይጫናሉ። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ውሉ ይታደሳል። አገሩ የተመለሰ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ገዢው ማንም ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። የካድቤሪ ባለቤቶች ግን ኩዌከሮች ናቸው፤ ባርነትን በመቃወም ስሙ የተጠራ ቤተ እምነት። በርሚንግሃም አጠገብ፣ ከፋብሪካቸው ጎን፣ በርንቪል የተባለ ያማረ መንደር ሠርተዋል፤ አትክልት ቦታ አለው፣ መጠጥ ቤት የለውም። (ኮኮዋ ለእነርሱ ሰውን ከአልኮል የሚያድን መጠጥም ነበር።) ታዲያ በዚያ ዘመን ከሚገዙት ኮኮዋ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚችው ደሴት ነበር።

ምን አደረጉ? መረመሩ። በ1903 ዊሊያም ካድቤሪ ሊዝበን ሄዶ የእርሻዎቹን ባለቤቶች አነጋገረ፤ አዲስ ደንብ ወጥቷል፣ ትንሽ ጠብቁን አሉት። ከዚያ ጆሴፍ በርት የሚባል ሰው መርማሪ ሆኖ ተመረጠ፤ እሱም መጀመሪያ ፖርቱጋልኛ መማር ነበረበት። በ1905 ሄደ፣ በ1907 ተመለሰ። በመሃሉ ሄንሪ ኔቪንሰን የሚባል ጋዜጠኛ በ1904 መጨረሻ አንጎላ ገብቶ ሰዎቹ በሚነዱበት መንገድ ተጓዘ፤ ከመንገዱ ዳር የተጣሉ የእንጨት እግረ ሙቆችን አይቶ ጻፈ፤ በ1906 መጽሐፉ ታተመ። በርትም ይዞ የመጣው ያንኑ እውነት ነው።

የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደግሞ ነገሩ በዲፕሎማሲ ይያዝ፣ በለሆሳስ ይሁን ባይ ነው። ለትራንስቫል የወርቅ ማዕድን ጉልበት የሚመጣው ፖርቱጋል ከምትገዛት ሞዛምቢክ ነበራ! ግዢውም በዚህ ሁሉ መሃል አልተቋረጠም።

በሴፕቴምበር 1908 ስታንዳርድ የተባለው ጋዜጣ ይህንን በምፀት አነሣው። ካድቤሪ በስም ማጥፋት ከሰሰ። በ1909 መጨረሻ በርሚንግሃም በዋለው ችሎት፣ የጋዜጣው ጠበቃ ኤድዋርድ ካርሰን ዊሊያም ካድቤሪን፣ በእነዚያ ስምንት ዓመታት የእናንተን ኮኮዋ ሲያዘጋጁ ስንት ባሮች እንደሞቱ ገምተው ያውቃሉ ወይ ሲል ጠየቀው። አልገመተም። ዳኞቹ ጋዜጣው ስም አጥፍቷል ብለው ፈረዱ፤ የካሳውን መጠን ግን ሩብ ፔኒ አደረጉት።

የካድቤሪ ክርክር፣ መግዛት ካቆምን የሚሰማን የለም የሚል ነበር። እኔ ይህን ክርክር ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። እኛ ከሻጩ ወገን ሆነን አይተነዋላ! የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዋና ደንበኛ የነበረው የአሜሪካው ፒቪኤች በኖቬምበር 2021 መውጣቱን አስታወቀ፤ በጃንዋሪ 2022 ደግሞ በጦርነቱ ወቅት በተፈጸሙ የሰብዓዊ መብት ጥሰቶች ሳቢያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። እንጀራቸው የተነካው ልብስ ሰፊዎቹ ልጃገረዶች ጦርነት አላወጁም። በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዛቸውን በወር 26 ዶላር ብሎት ነበር። ገዢዎቹ ሲቆዩም ሲሄዱም የጠየቃቸው አልነበረም።

በካድቤሪ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። “ጠብቁን” ሲባል፣ እስከ መቼ? የሚል ቀን ቆርጦ አላስቀመጠም። ግዢውን ያቆመው ከፍራይና ከራውንትሪ ጋር ሆኖ በማርች 1909 ነው። ፊቱን ያዞረው ወደ ጎልድ ኮስት፣ ወደ ዛሬዋ ጋና ነበር፤ እዚያ ኮኮዋውን የሚያለሙት በአብዛኛው ባለ አነስተኛ ማሳ ገበሬዎች ናቸው። ሳኦ ቶሜም ብትሆን ሌላ ገዢ አላጣችም።

ከጋናና ከአይቮሪኮስት ኮኮዋ የሚገዙት ታላላቅ ቸኮሌት አምራቾች በ2001 ቀን ቆረጡ፦ አስከፊውን የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ እስከ 2005 እናስቀራለን አሉ። ቀኑ ወደ 2008 ተገፋ። በ2010 ደግሞ ግቡ እስከ 2020 በ70 በመቶ መቀነስ ነው ተባለ። በ2020 የወጣው ጥናት በሁለቱ አገሮች በኮኮዋ ሥራ ላይ ያገኛቸው ሕፃናት 1.56 ሚሊዮን ነበሩ።