ከመርዝ ጋዝ እስከ ናኖ፦ የካንሰር መድኃኒት ጉዞ

ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስታማችሁ ከሆነ ፀጉሩ ሲረግፍ፣ ምግብ አልወርድ ሲለው፣ ጉልበቱ ሲከዳው አይታችኋል። «ይህ መድኃኒት ነው ወይስ ሌላ በሽታ?» ብላችሁም ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በታሪኩ ውስጥ ስላለ እስቲ አብረን ወደ ኋላ መለስ እንበል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ አንድ ሐሳብ ነበረው። በሽታውን ብቻ መርጦ የሚመታ፣ ጤነኛውን አካል ግን የማይነካ መድኃኒት ማግኘት ይቻላል አለ፤ ስሙንም «ተአምረኛ ጥይት» ሲል ሰየመው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1910 ለቂጥኝ የሚሆን መድኃኒት አበረከቱ። ለካንሰር ግን ጥይቱ አልተገኘም።

ለካንሰር የተገኘው ከጦር ሜዳ የመጣ መርዝ ነው። በ1935 እና በ1936 የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በአባቶቻችን ላይ ያዘነቡትን የሰናፍጭ ጋዝ ታሪካችን አይረሳውም። የዚህ መርዝ የቅርብ ዘመድ የሆነ ኬሚካል በ1942 በአሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ፣ በሉዊስ ጉድማንና በአልፍሬድ ጊልማን ጥናት መሠረት ለአንድ የካንሰር ታማሚ ተሰጠ። እጢው በቀናት ውስጥ ሟሸሸ። ነገር ግን ተመልሶ መጣ፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፈ።

በዓመቱ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1943፣ የጀርመን አውሮፕላኖች የኢጣሊያን የባሪ ወደብ ደበደቡ። ከሰመጡት መርከቦች አንዱ በምስጢር የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ የጫነ የአሜሪካ መርከብ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተመረዙ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተላከው ሐኪም ስቲዋርት አሌክሳንደር የተጎጂዎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ክፉኛ መመናመናቸውን አስተዋለ።

ልብ በሉ! መርዙ የሚያጠቃው በፍጥነት የሚራቡ ሕዋሳትን ነው። የካንሰር ሕዋስ ደግሞ መራባቱን አያቆምም። ነገር ግን የአጥንት መቅኔ፣ የፀጉር ሥርና የአንጀት ሽፋንም ፈጥነው ይራባሉ። ፀጉር የሚረግፈው፣ ሆድ የሚታወከው፣ ደም የሚያንሰው ለዚህ ነው። መርዙ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

ከዚያ በኋላ የተገኙት ብዙዎቹ መድኃኒቶችም ይህንኑ ጠባይ ይዘው መጡ። በ1960ዎቹ በኢጣሊያ ከአፈር ተህዋስያን የተገኘው ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ብዙ ዓይነት ካንሰሮችን የሚመታ ብርቱ መድኃኒት ሆነ። ሆኖም መጠኑ እየተጠራቀመ ሲሄድ የልብን ጡንቻ ያደክማል። ስለዚህ ሐኪሙ እጢው እየሟሸሸ እያየ እንኳ ለልቡ ሲል መድኃኒቱን ለማቆም ይገደዳል። ታዲያ የጎደለው ምን ነበር? ብርታት አልነበረም። የጎደለው አድራሻ ነበር።

አድራሻውን ለመፈለግ መነሻ የሆነው ካልታሰበ ቦታ መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም አንዳንድ የስብ ዓይነቶች ውሃ ውስጥ ሲገቡ በራሳቸው ባዶ ከረጢት እንደሚሠሩ አየ። ሊፖዞም ተባሉ። በከረጢቱ ውስጥ መድኃኒት ቢጫንስ? ተሞከረ። ነገር ግን ጉበትና ጣፊያ ከረጢቶቹን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው ከደም ውስጥ ለቀሟቸው። መፍትሔው ከረጢቱን ውሃ በሚስብ ሽፋን መሸፈን ሆነ፤ በዚህም በደም ውስጥ ለቀናት መቆየት ቻለ። በ1986 ደግሞ ጃፓናውያኑ ማትሱሙራና ማኤዳ በእጢ ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች የሚያሾልኩ መሆናቸውን አመለከቱ። በችኮላ የታጠረ አጥር ክፍተት አያጣም። ትንሹ ከረጢት ጤነኛውን የደም ሥር አልፎ ለመውጣት ይቸገራል፤ በእጢው ክፍተት ግን ይሾልካል።

በዚህ መንገድ በኢየሩሳሌም ባረንሆልዝና ጋቢዞን ያዘጋጁት በከረጢት የተጫነ ዶክሶሩቢሲን በ1995 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ናኖ መድኃኒትም ተባለ። የከረጢቱ ስፋት ወደ 100 ናኖሜትር ነው፤ 10,000ው ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ይሆናሉ።

ውጤቱስ? በ2004 የታተመ፣ የጡት ካንሰር በተሰራጨባቸው 509 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አዲሱ ዕድሜን ከአሮጌው የበለጠ አላስረዘመም። በልብ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን በእጅጉ ያነሰ ነበር። በአንጻሩ የመዳፍና የእግር ቆዳ መቁሰል በዛ። በ2016 ደግሞ በካናዳ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት የእንስሳት ሙከራዎችን ሲያጠኑ፣ ከተወጋው የናኖ ቅንጣት እጢው ጋ የሚደርሰው መካከለኛ መጠን ከመቶ 0.7 ብቻ መሆኑን ደረሱበት። የኤርሊክ ጥይት ዛሬም ሙሉ በሙሉ ዒላማውን አላገኘም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን! «ካንሰሩን ብቻ የሚመታ መድኃኒት መጣ» ሲባል ብትሰሙ አታጣጥሉት፤ ንብረታችሁን ሸጣችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ግን ሐኪሙን ጠይቁ። ዕድሜ ይጨምራል ወይስ ጉዳት ይቀንሳል? የትኛውን አካል ሊጎዳ ይችላል? ልቡስ በየጊዜው ይመረመራል? ጉዳት መቀነስም ትልቅ ነገር ነው፤ ልቧ የተረፈላት እናት ታውቀዋለች። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ከያዘው ነጋ አልነጋ ሳትሉ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ሲመናመኑ ሰውነቱ መከላከያ ያጣልና፤ በባሪ የታየው ይኸው ነበር። የታመሙትን ሁሉ አላህ ያሽርልን።