መዝገብ ያልያዘው መሣሪያ፦ የኔትወርክ ጥበቃ ታሪክ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚገኙ ባንኮች፣ ሆቴሎች፣ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች የዕለት ሥራቸውን የሚያከናውኑት በውስጥ ኔትወርክ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን፣ ማተሚያዎችንና ሰርቨሮችን በኬብል ወይም በዋይፋይ እርስ በርስ በሚያገናኝ መስመር ነው። ይህን መስመር ፈቃድ ከሌለው መሣሪያ የመጠበቅ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የቅርብ ጊዜ የቴክኖሎጂ ጥያቄ ተደርጎ ቢቆጠርም፣ በኢትዮጵያ ከቴሌኮም አገልግሎት ታሪክ ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ ዛሬ በየቢሮው የሚታየው ክፍተትም ምንጩ የሚገኘው በዚያው ታሪክ ውስጥ ነው።

ታሪኩን ለመረዳት ከቴሌኮም በፊት ከነበሩት የጥበቃ ልማዶች መጀመር ይረዳል። የጣና ደሴቶች ገዳማት፣ በተለይም ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል፣ ለዘመናት የብራና መጻሕፍትና የንዋየ ቅድሳት ማኖሪያ ሆነው የቆዩት በከፊል ውኃው ስለከለላቸው ነው፤ ወደ ደሴቱ የሚሄድ ሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ እየቀዘፈ መድረስ ስለነበረበት መምጣቱ ከሩቅ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት ልማድ ንብረት ይጠበቅ የነበረው በውኃና በአጥር ብቻ አልነበረም። የመስቀሉ፣ የጽናው፣ የመጽሐፉና የመጋረጃው ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ስለነበር፣ በዕቃ ቤቱ ያለውን ከተጻፈው ጋር ማመሳከር ይቻል ነበር። በሌላ በኩል፣ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በይፋግ ገበያ አድርገው ወደ ጎንደር የሚዘልቁ ነጋዴዎች በኬላ፣ ማለትም ቀረጥ በሚከፈልበት የመንገድ በር፣ ጭነታቸውን እያስቆጠሩ ያልፉ ነበር። የገዳሙ ዝርዝር በውስጥ ያለውን ሁሉ ያውቃል፤ ኬላው የሚያውቀው በፊቱ የሚያልፈውን ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የቴሌኮም መሣሪያን ለመቆጣጠር የመረጠችው የኬላውን መንገድ ሲሆን፣ ምርጫው በዘመኑ በቂ ምክንያት ነበረው።

ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ አገሪቱ ከገባ በኋላ መስመሩ ከመንግሥት እጅ አልወጣም፤ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋምም አገልግሎቱ በአንድ ድርጅት ሥር ተጠቃለለ። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫና ፖሊቴክኒኩ ተከታትለው ሲሠሩ ባሕር ዳር ከአነስተኛ የሐይቅ ዳር መንደርነት ወደ ኢንዱስትሪና ትምህርት ከተማነት ተሸጋገረች። የዚያ ዘመን ስልክ ከማዞሪያ ጣቢያው በተዘረጋ ሽቦ ላይ የሚቀጠለው በድርጅቱ ቴክኒሻን እጅ ስለነበር፣ እንግዳ መሣሪያ በመስመሩ ላይ ተሸሽጎ መቀመጥ እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፣ ተንቀሳቃሽ ስልክም ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ሲጀምሩ ግን መሣሪያው ከአገልግሎት ሰጪው እጅ ወጥቶ በነጋዴና በተጠቃሚ እጅ ገባ። መንግሥት ለዚህ የሰጠው ዋና ምላሽ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ነበር። አዋጁ የቴሌኮም መሣሪያን ያለፈቃድ ያመረተን፣ የገጣጠመን፣ ከውጭ ያስገባን ወይም ለሽያጭ ያቀረበን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና ከ100,000 እስከ 150,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ሲደነግግ፣ ያለፈቃድ መያዝና መጠቀምንም ወንጀል አድርጎታል። ከተፈሩት መሣሪያዎች ዋነኛው ሲም ቦክስ ነበር፤ ይህ መሣሪያ በርካታ ሲም ካርዶችን በአንድ ጊዜ ይዞ ከውጭ አገር በኢንተርኔት የመጣን ጥሪ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ ስለሚያስተላልፍ፣ ከዓለም አቀፍ ጥሪ የሚገኘውን ገቢ ያስቀራል። ኢትዮ ቴሌኮም በመስከረም 2010 ዓ.ም. ያስጀመረው የሞባይል ቀፎ ምዝገባም በእያንዳንዱ ቀፎ ላይ ባለው ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር አማካይነት በሕጋዊ መንገድ ያልገባን ስልክ ከኔትወርኩ ያግድ ነበር። አሠራሩ ቆይቶ ቢነሣም፣ የመሣሪያው ማንነት ከባለቤቱ ማንነት ተለይቶ በአገር ደረጃ የተመዘገበበት በመሆኑ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው።

እነዚህ እርምጃዎች ሁሉ ይጠብቁ የነበሩት የአገልግሎት ሰጪውን ኔትወርክና የመንግሥትን ገቢ ነው። በጉምሩክ በኩል ቀረጥ ተከፍሎበት በሕጋዊ መንገድ የገባ ካሜራ፣ ቴሌቪዥን ወይም ራውተር በአንድ ድርጅት የውስጥ መስመር ላይ ሲሰካ የሚጠይቀው ሕግም ኬላም አልነበረም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኔትወርክ መግባትን ወንጀል፣ ለአንድ ድርጅት አገልግሎት ብቻ በተዘጋጀ ኔትወርክ ላይ ሲፈጸም ደግሞ በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ በማድረግ ጥበቃውን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስጠግቶታል፤ ሆኖም አዋጁ የሚቀጣው አውቆ የገባን ሰው እንጂ ሥራ እንዲቀልለት ብሎ ዕቃ የሰካን ሠራተኛ አይደለም። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ደግሞ ከዚህኛው ነው።

አደጋው የሚፈጠርበት መንገድ ቀላል ነው። ዋይፋዩ የማይደርስበት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው በራሱ ገንዘብ ትንሽ ራውተር ገዝቶ በጠረጴዛው ሥር ከግድግዳው የኔትወርክ ሶኬት ጋር ያገናኛል። ራውተሩ አድራሻ ለሚጠይቀው ኮምፒውተር ሁሉ አድራሻ እንዲያድል ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ በመሆኑ፣ ኬብሉ ሊገባበት በማይገባው ቀዳዳ ከተሰካ፣ በ192.168.1 የሚጀምሩ የራሱን አድራሻዎች ለጎረቤት ክፍሎች ጭምር ማደል ይጀምራል፤ ያን አድራሻ የተቀበለው የገንዘብ ያዡ ኮምፒውተርም ከድርጅቱ ሰርቨር ይቋረጣል። ይህ ጉዳት ቶሎ ስለሚታይ ይሻላል። ኬብሉ በትክክለኛው ቀዳዳ ገብቶ ራውተሩ ያለ እንከን ሲሠራ ነው የከፋው፤ የፋብሪካው የይለፍ ቃል ሳይቀየር የቆየ ዋይፋይ የድርጅቱን መስመር ከግቢው አጥር ውጭ እስከ መንገዱ ድረስ ይዘረጋዋል። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ መጠሪያዎችንና የይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ የጥበቃ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ከማረከ በኋላ፣ ዳይን የተባለውን የድረ ገጾች አድራሻ አገልግሎት የሚሰጥ የአሜሪካ ኩባንያ በእነርሱ አጥቅቶ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ አድርጓል። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ዕቃቸው እንደወትሮው ሲሠራ ስለሚያዩ አብዛኞቹ የሆነውን አላወቁም።

የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የመመዝገብ ልማድ ጎድሏቸው አያውቅም። በመንግሥት ቢሮ ውስጥ አንድ ወንበር ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19፣ ወጪ ሲሆን በሞዴል 22 ይመዘገባል፤ በብዙ ግቢዎች በር ላይም የጥበቃ ሠራተኛው የእንግዳውን ላፕቶፕ ተከታታይ ቁጥር በደብተር ይጽፋል። ነገር ግን የንብረት መዝገቡ የሚያውቀው ድርጅቱ ራሱ የገዛውን ብቻ ሲሆን፣ የበሩ ደብተር የሚጠብቀውም የድርጅቱ ንብረት እንዳይወጣ እንጂ እንግዳው መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ከኔትወርኩ ጋር እንዳይገናኝ አይደለም። በዚህም የተነሣ ሠራተኛ ከቤቱ ያመጣው፣ በስጦታ የመጣው ወይም የካሜራ ተቋራጭ ተክሎት የሄደው መሣሪያ በሁለቱም መዝገቦች ሳይነካ ያልፋል።

በ2004 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተጀመረው ጣና ፎረም ከተባለው ጉባኤ ወዲህ የሐይቅ ዳር ሆቴሎች የአገር መሪዎችንና ባለሥልጣናትን ያስተናገዱ በመሆናቸው፣ እንዲሁም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሌላው የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ ሳፋሪኮም አገልግሎቱን ካስጀመረባቸው የመጀመሪያ ከተሞች አንዷ ባሕር ዳር ስለነበረች፣ የአንድ አገልግሎት ሰጪ ዘመን ኬላ ለከተማዋ ከእንግዲህ አይበቃትም። ቴክኒካዊው መፍትሔ አለ፤ 802.1ኤክስ የሚባለውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 የወጣው ደረጃ፣ አንድ መሣሪያ ማንነቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ የኔትወርኩ ሶኬት ምንም እንዳያሳልፍ ያደርጋል። የእንግዶችንና የካሜራዎችን መስመር ከሒሳብ ክፍሉ መስመር መለየትም በብዙ የቢሮ ስዊቾች ያለ ተጨማሪ ግዢ ይቻላል። ዳሩ ግን የትኛው መሣሪያ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ የትኛው እንደሚፈቀድ መወሰን ስለማይቻል፣ ከሁሉም የሚቀድመው ዝርዝሩ ነው። የባሕር ዳር ድርጅቶች ውድ የመከላከያ ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት፣ በየክፍሉ ተዘዋውረው በእያንዳንዱ ሶኬት ላይ የተሰካውን መሣሪያ፣ ባለቤቱንና የገባበትን ቀን ይመዝግቡ፤ መዝገቡንም ኃላፊነቱ ለታወቀ አንድ ሰው በፊርማ ያስረክቡ።