ጋያና ጎሜ በጋሞ ደጋ

ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ባሕር ከተሻገረ በኋላ የነገሥታትን ቍጣ ለመቀስቀስ ብዙ ዘመን አልፈጀበትም። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በ1604 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ነቀፌታ ለአንጎል ጎጂ፣ ለሳንባም አደገኛ ነው ሲል ያለ አንዳች ምርመራ ተናገረ፤ ግምቱ ግን አልሳተም። በሀገራችን ነገሩ ከሥጋ ይልቅ የሃይማኖት ጕዳይ ሆኖ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የአጫሹ ከንፈር፣ የሱረት ሳቢውም አፍንጫ እንዲቈረጥ እንዳዘዙ ይተረካል።

ይህ ቅጣት በደቡብ ያለውን የጋሞን ምድር አልነካውም፤ ያ አገር ከማእከላዊው መንግሥት ጋር የተቀላቀለው ከንጉሠ ነገሥቱ ዕረፍት በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነውና። ስለዚህም ውኃ በያዘ ቅል ላይ ትምባሆና ፍም ተጭኖ የሚሳበው ጋያ በደጋው መንደሮች፣ እንሰት በከበባቸው ቤቶች ውስጥ፣ የአዛውንት የጨዋታ ጓደኛ ሆኖ ኖረ። ጢሱ ውኃውን ሲያቋርጥ ይበርዳል እንጂ አይነጻም፤ ኒኮቲኑም የከሰሉ መርዛም ጋዝም ወደ ደም ይገባሉ።

በዚያው ደጋ ጎሜ የሚባል ጽኑ እምነት አለ። ሥርዐትን የተላለፈ፣ ወይም ከዘመዱ ጋር ተጣልቶ ዕርቅ ያላወረደ ሰው ደዌና መቅሠፍት በራሱ ወይም በቤተ ሰቡ ላይ ይወርድበታል ይባላል፤ ሽማግሎችም በደሉን መርምረው፣ አናዝዘው ያስታርቃሉ። ይህን አሳብ ከንቱ ብሎ የሚያልፍ ሰው የዘመኑን ሕክምና ገና አልሰማም፤ ያልተፈታ ጭንቀት ኮርቲሶል የተባለውን ንጥረ ነገር ከፍ አድርጎ እያቈየ የደም ግፊትን እንደሚያንር፣ እንቅልፍን እንደሚነሣ፣ የሰውነትንም መከላከያ እንደሚያደክም ሐኪሞች ደርሰውበታልና።

ጋያው የሚሰጠው ዕረፍት ግን የዕርቅ ዕረፍት አይደለም። የኒኮቲን ኀይል በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ አጫሹ ይቅበጠበጣል፤ ቀጣዩ ጢስ የሚያበርድለትም በአመዛኙ የቀደመው ያመጣበትን መታወክ ነው። በመካከሉ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ የቆዳን ልስላሴ የሚጠብቀው ኮላጅን ይመናመናል፣ ፊትም ያለ ጊዜው ይጨማደዳል። ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ የብሪታንያን ሐኪሞች ለ50 ዓመት ተከታትለው፣ ሳያቋርጡ ያጨሱት ካላጨሱት 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ፣ በ50 ዓመታቸው የተዉት ግን 6 ዓመት ያህል እንደሚያተርፉ በ2004 እ.ኤ.አ. ገለጡ።

በደቡብ ትምባሆን ከብዙ ቤት ያስወጣው ከሕክምናው አስቀድሞ የወንጌላውያን ስብከት ነው፤ ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ የገቡት ሚስዮናውያን መጠጥንና ትምባሆን መተው የአማኝ ምልክት አድርገው አስተምረዋልና። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ማጨስን፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነም መሸጥን ከለከለ፤ በጓሮ በቅሎ በእልፍኝ የሚጨሰው ትምባሆ ግን ከተቈጣጣሪ ዐይን ርቆ ይገኛል።