ከደወል እስከ ካሪየር፦ የሞደም ቃላት ሥርወ ታሪክ

በዳያል አፕ ዘመን ኢንተርኔት አልገባ ሲል የቤቱ ኮምፒውተር ዝም አይልም ነበር። «ኖ ዳያልቶን»፣ «ቢዚ» (መስመሩ ተይዟል)፣ «ኖ ካሪየር» የሚሉ አጫጭር መልእክቶችን ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። ብዙ ሰው ሁሉንም «አልሠራም» ብሎ አንብቦ እንደገና ይደውላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል ብልሽቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይናገራል። የቃሉን አመጣጥ የሚያውቅ ሰው ገመዱን ይፈትሽ፣ አደዋወሉን ወይስ የመስመሩን ጥራት፣ ከመነካካቱ በፊት ይለያል።

ከራሱ ከሞደም እንነሣ። ስሙ ከ«ሞዱሌተር» እና ከ«ዲሞዱሌተር» መነሻ ተቆርጦ የተገጠመ ነው። የሁለቱም ሥር የላቲኑ «ሞዱስ» ሲሆን ልክ፣ መጠን ማለት ነው። ከእሱ የወጣው «ሞዱላሪ» የሚል ግሥ በልክ መመጠንን፣ በተለይም ዜማን መጥኖ ማዜምን ያመለክታል። እኛ ቅኝት የምንለው የሙዚቃ «ሞድ»ም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ስለዚህ ሞደም በስሙም በሥራውም ቃኚ ነው። የስልክ መስመር የተዘጋጀው ለሰው ንግግር፣ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ገደማ ላለ ድምፅ ነው፤ የኮምፒውተሩ አንድና ዜሮ እንዳለ አያልፍበትም። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ቤል 103 ሞደም ሲደውል አንድን በ1,270 ኸርዝ፣ ዜሮን በ1,070 ኸርዝ ያዜም ነበር።

«ዳያል» ደግሞ ከላቲኑ «ዲዬስ»፣ ከቀን የመጣ ነው። መጀመሪያ የፀሐይ ሰዓት ገበታ ስም ሆነ፤ ቀጥሎ የማንኛውም ሰዓት ፊት፣ በመጨረሻም ጣት እያስገቡ የሚያዞሩት የስልክ ክብ። አማርኛ በሌላ መንገድ ሄዷል። «ስልክ» የዐረብኛው «ሲልክ»፣ ክር ወይም ሽቦ ነው። «ደወለ» ግን የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ በጥንት ገዳማት ዛሬም ድረስ ተንጠልጥሎ የሚመታ የድንጋይ ደወል አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ሲገባ ይኸው ግሥ ለሞደሙም አገለገለ፤ ኮምፒውተርም «ደወለ» ተባለ።

የጣት መደወያው ክብ ተመልሶ ሲዞር በመስመሩ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ይቆራርጣል፤ በአብዛኛው አገር ለ5 አምስት ጊዜ፣ ለ0 ዐሥር ጊዜ። ሞደሙ ይህን ውርስ ይዞ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የሄይስ ስማርትሞደም የተለመዱት ትእዛዞች «ኤቲ» ብለው ይጀምራሉ፤ ይህም «አቴንሽን»፣ «ልብ በል» ማለት ነው። «ኤቲዲቲ» በቶን ደውል ማለት ሲሆን «ኤቲዲፒ» እንደ ድሮው እየቆራረጥህ ደውል ማለት ነው። ሞደሙ ቁጥሩን ጨርሶ የመደወያው ድምፅ እንደቀጠለ ከተሰማ፣ የስልክ ማዕከሉ ቶኑን አልተቀበለም ማለት ነው። መድኃኒቱ የመጨረሻዋን ቲ በፒ መለወጥ ብቻ ነው።

«ኖ ዳያልቶን» እንግዲህ ከመደወል በፊት ያለ ችግር ነው፤ ማዕከሉ «ደውል» የሚልበት ድምፅ ሞደሙ ጋ አልደረሰም። የመጀመሪያው ምርመራ ገመዱ ከግድግዳው ሶኬት ወጥቶ በሞደሙ ጀርባ «ላይን» የሚለው ቀዳዳ ላይ መሰካቱን ማየት ነው፤ አጠገቡ ያለው «ፎን» ለስልኩ ነው። ሌላ ስልክ ሰክቶ ማዳመጥም ጥርጣሬን ይቆርጣል። ስልኩ ላይ ድምፁ እያለ ሞደሙ «የለም» የሚለው ድምፁን ስላላወቀው ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ መደወያ ድምፅ የ350 እና የ440 ኸርዝ ድብልቅ ነው፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን አንድ የ425 ኸርዝ ድምፅ ነው። ያኔ «ኤክስ3» የሚለው ትእዛዝ ሞደሙ ድምፁን ሳይጠብቅ እንዲደውል ያደርገዋል።

ወዲያ ያለው ሞደም ሲያነሣ ሁለቱ «ሀንድሼክ»፣ እጅ መጨባበጥ የሚባለውን ይጀምራሉ። ያ ሁሉ የሚያውቀው ጩኸት ይህ ነው። መላሹ በ2,100 ኸርዝ ድምፅ በመስመሩ ላይ ያለውን የገደል ማሚቶ ማጥፊያ ያስቆማል፤ ከዚያ እንደ ገጠር ሰላምታ በየተራ እየተጠያየቁ የመስመሩን ጤንነትና ሁለቱም የሚችሉትን ፍጥነት ይመረምራሉ። ጩኸቱ እየተጀመረ የሚቋረጥ ከሆነ ገመዱም አደዋወሉም ደህና ናቸው፤ የታመመው የመስመሩ ጥራት ነው። ያኔ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ መሞከር ይበጃል።

ፍጥነቱ የሚለካበት «ቦድ» የሰው ስም ነው፤ የፈረንሳዩ የቴሌግራፍ መሐንዲስ ኤሚል ቦዶ እ.ኤ.አ. በ1874 ባለ አምስት ምልክት ኮዱን በፓተንት አስመዘገበ። ቦድ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ይቆጥራል እንጂ ቢትን አይቆጥርም። ቪ.22ቢስ የሚባለው ሞደም በ600 ቦድ 2,400 ቢት ያስተላልፋል፤ በእያንዳንዱ ለውጥ አራት ቢት ስለሚጭን ነው።

ይህ «መጫን» የሚለው ቃል ወደ «ካሪየር» ይወስደናል። ሥሩ «ካሩስ» ነው፤ ሮማውያን ከጎሎች የወሰዱት የጋሪ ስም ሲሆን መኪና የሚባለው የእንግሊዝኛ «ካር»ም ከእሱ ወጥቷል። በስልክ መስመር ላይ ካሪየር ራሱ ምንም የማይናገር፣ መልእክት የሚጫንበት የጸና ድምፅ ነው። «ኖ ካሪየር» ማለት ተሸካሚው ጠፋ ማለት ነው እንጂ ጭነቱ ተበላሸ ማለት አይደለም። ስለዚህ ግንኙነቱ ከተጀመረ በኋላ ይህ ቃል ከመጣ የኮምፒውተሩን ሶፍትዌር ከመነካካት በፊት መስመሩን ማን እንደነካው መጠየቅ ይገባል፦ በሌላ ክፍል ስልክ ያነሣ ሰው አለ? ተጠባባቂ ጥሪ እንዳለ የሚያሳውቅ ድምፅ ጣልቃ ገብቷል? ሽቦው ተላልጧል?

ከፀሐይ ሰዓት፣ ከዜማ፣ ከጋሪና ከቴሌግራፍ የተሰበሰቡት እነዚህ ቃላት የጥሪውን ቅደም ተከተል ይዘዋል፦ የመደወያ ድምፅ፣ መደወል፣ መጨባበጥ፣ ካሪየር። ጥገናም በዚሁ ተራ ቢሄድ የሰው ጊዜና ገንዘብ አይባክንም፤ የቆመበትን ቃል ያነበበ ሰው ከእሱ በፊት ያሉት ደረጃዎች ደህና እንደሆኑ አውቆ ፍለጋውን ከዚያው ይጀምራል።