የጅማ ፈረስና የማለዳው ሰዓት

በ1878 እ.ኤ.አ. በጅማ የነገሡት ሰው የግል ስማቸው ቱሉ ነበር፤ ታሪክ የሚያውቃቸው ግን አባ ጅፋር በሚለው የፈረስ ስም ነው። ሳቃን መናገሻቸው አድርገው ከ1825 እስከ 1861 ሊሙ እናርያን የገዙት ኢብሳም አባ ቦጊቦ ተብለዋል። ዛሬ በቡናቸው የታወቁት እነዚህ አገሮች ገዥዎቻቸውን በፈረስ ሲጠሩ፣ በሰሜንም አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ በሸዋ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ጌታውን ከጦር ሜዳ ይዞ የሚመለሰውን ፈረስ ለይቶ ማወቅ ከማናቸውም ውርርድ የከበደ ነበርና፤ የሚያዘው ነፍስ ነው።

ይኸው የመምረጥ ጥበብ በባሕር ማዶ ወደ ገንዘብ ውርርድና ወደ ሰዓት ልኬት ዞረ። በ1894 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የተመሠረተው ዴይሊ ሬሲንግ ፎርም የተባለው ጋዜጣ የእሽቅድምድም መረጃ ለተወራራጆች ያቀርብ ጀመር። ፈረሶች ማለዳ ለልምምድ ሲጋልቡም ሰዓት ያዦች ከሜዳው ዳር ቆመው እያንዳንዱን ፈርሎንግ፣ ማለትም 201 ሜትር ያህሉን፣ በሰከንድ ይለካሉ።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል። ጋላቢው ከከበደ፣ መሬቱ ከራሰ፣ ወይም አሠልጣኙ ልጓሙ እንዲያዝ ካዘዘ፣ ብርቱው ፈረስ ቀርፋፋ መስሎ ይታያል፤ የጅማን የክረምት ጭቃ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልምድ ያለው ተወራራጅ ሁለት ፈረሶች በእኩል ሰዓት ሲደርሱ፣ በአለንጋ ተገፍቶ ከመጣው ይልቅ ልጓም ሳይለቀቅለት የደረሰውን ይመርጣል። ከዚያም ሰዓቱን ኪሱ ከትቶ የፈረሱ ትንፋሽ እስኪረጋ ይጠብቃል።