እሳቱ ፋብሪካ ላይ፣ መመሪያው ጠመንጃ ላይ፦ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–ጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ከሦስት ቀን በፊት፣ ይኸው ሐዲድ በሚያልፍባት ቢሾፍቱ፣ በእሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ሕዝቡ ሲጋፋ በርካታ ሰው አልቋል። መንግሥት ያመነው ከ50 በላይ ነው፤ ተቃዋሚዎች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል አሉ። ባቡሩ በተመረቀበት ሳምንት ላንጋኖ ዳር ያለው ቢሻንጋሪ ሎጅ ነደደ። ከአዳማ ምሥራቅ ጢቢላ የሚገኘው የአፍሪካ ጁስ የፍራፍሬ እርሻም ጥቃት ደረሰበት። መንገዶች በድንጋይ ተዘጉ፣ መኪኖች ተቃጠሉ።

መስከረም 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በጥቅምት የወጣው ማስፈጸሚያ መመሪያ ማንን ይጠብቅ እንደነበር ለማወቅ ርቀቱን ማየት ይበቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ድንበር ከሚወስዱት ዋና መንገዶች በ25 ኪሎ ሜትር፣ ከአገሪቱ ድንበር ደግሞ በ50 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የጦር መሣሪያም ሆነ ተቀጣጣይ ነገር ይዞ መንቀሳቀስ ተከለከለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ፈቃድ የሌለው ሰው ወደ ፋብሪካና ወደ እርሻ ልማት መጠጋት አይችልም ተባለ። ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲና መተሐራ በጂቡቲው መንገድ ላይ፣ መቂ፣ ዝዋይና ሻሸመኔ በሞያሌው መንገድ ላይ የተተከሉ ከተሞች ናቸው። 25 ኪሎ ሜትር ማለት ለነሱ ከነገጠራቸው ሙሉ በሙሉ ክልከላው ውስጥ መግባት ነው። መንገዱ ከሩቅ ያለው ገበሬ ግን ጠመንጃውን እንደ ያዘ ቀረ።

በእርግጥ ፋብሪካ ያቃጠለው ክብሪትና ቤንዚን ነበር፤ መንገድ የዘጋውም ድንጋይ። መመሪያው ተቀጣጣዩን ከጠመንጃ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገባው ይህን አውቆ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሜትካፍ የተባለ የመብራት ኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ በጠመንጃ ተደብድቦ 17 ትራንስፎርመሮች ተበላሹ፤ በ2022 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ተመሳሳይ ተኩስ ወደ 45 ሺህ ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ጣለ። እዚያ ከጥቃቱ በኋላ ብዙ የተወራው ስለ አጥርና ካሜራ ነው። እዚህ ግን እሳት ሲነሳ ወሬው ወደ ጠመንጃ ሄደ።

ለዚህም የቆየ ምክንያት አለ። የጂቡቲው የባቡር መስመር ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ በዚያው ቀን ስለ መሣሪያ ዝውውርም ተፈራረሙ። በነሐሴ 1922 ኢትዮጵያ ራሷ ከሦስቱ ጋር የመሣሪያ ማስገቢያ ውል ፈረመች። ከአምስት ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ ከፈራሚዎቹ አንዷ ወረረቻት፤ መሣሪያ የሚገባበት የጂቡቲ በርም ጠበበ። “ጠመንጃ ይመዝገብ” ሲባል ብዙ ሰው ጆሮውን የሚያቆመው ያለ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል በ1969 የሶማሌ ተዋጊዎች የባቡር ድልድዮችን በፈንጂ ሲያፈርሱ የአገሪቱ ዋና የንግድ መተላለፊያ ተቋርጦ ነበር፤ አዲስ አበባ የሚቀመጥ መንግሥት ሁሉ ይህን አይረሳም።

የአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ በሐምሌ 2009 ተነሳ፤ ክልከላውም አብሮት ሄደ። ቋሚ ሕግ የመጣው በ2012 ነው፦ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012። ይህ ሕግ በኪሎ ሜትር አይለካም፤ ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃል። መሣሪያ መያዝ ባህል ለሆነባቸው አካባቢዎችም ቦታ ሰጥቷል። የክርክሩ እምብርትም ይኸው ነበር። አንዱ ወገን ሕገወጥ ዝውውሩ ከአቅም በላይ ሆኗል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ፖሊስ በማይደርስበት ቦታ ጠመንጃውን አስረክቦ ማን ይጠብቀዋል ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሆኖም ከሁለቱ አንዳቸውም ስለ ክብሪቱ አላነሱም።

ሕጉ ከጸደቀ ወራት ብቻ ተቆጥረው ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። በማግስቱ ሻሸመኔ ነደደች። የኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴሎች በሻሸመኔና በዝዋይ ተቃጠሉ፤ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶችም ተመርጠው ወደሙ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ ባወጣው ሪፖርት በአጠቃላይ 123 ሰዎች መሞታቸውን መዘገበ። 35ቱን የገደሉት ጥቃቱ ላይ የተሳተፉ ሰዎች ናቸው፤ በእጃቸው የነበረውም በአብዛኛው ዱላ፣ ገጀራና መጥረቢያ ነበር። 76ቱ የሞቱት በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ነው። በዚያው ሪፖርት ላይ ተጎጂዎቹ ቤታቸው ሲቃጠል ለአካባቢው ፖሊስ ደጋግመው ደውለው ነበር። ያገኙት መልስ ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም የሚል ነው።