አብሽ፣ ጸበልና ኢንሱሊን፦ የስኳር ሕሙማን የባህል ሕክምና አጠቃቀም በምን ይመዘን?

የስኳር ሕሙማን ከክኒንና ከመርፌ ጎን ስለሚወስዱት የባህል መድኃኒት ሲነሳ ክርክሩ «አብሽ ስኳር ያወርዳል ወይስ አያወርድም?» ከሚለው አያልፍም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አደጋውን ግን አይለካም። አብሽ በአሰሩ ምክንያት ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ በአነስተኛ ሙከራዎችም የደም ስኳርን በመጠኑ ሲቀንስ ታይቷል። ቀረፋን በሚመለከት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 10 ሙከራዎችን መርምሮ ለሕክምና የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ከተክሉ ይልቅ ጉዳዩን የሚወስነው ጠጪው ነው። ዓይነት 2 ስኳር ኖሮበት ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ጠዋት አብሽ ቢጠጣ የሚያሰጋው ነገር ጥቂት ነው። ግሊቤንክላማይድ ለሚውጥ ሰው ግን ነገሩ ይለያል፤ መድኃኒቱ ምግብ ኖረም አልኖረ ቆሽትን ኢንሱሊን ስለሚያስመነጭ፣ ሌላ ስኳር አውራጅ ሲደረብበት፣ ይልቁንም በጾም፣ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ዓይነት 1 ያለበት ወጣት ኢንሱሊኑን ጥሎ በቅጠል ወይም በጸበል ብቻ ልዳን ካለ ደግሞ በቀናት ውስጥ ደሙ በኪቶን አሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላል።

«ሜትፎርሚንስ ከዕፅ የመጣ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። የዘር ሐረጉ በእርግጥ ጋሌጋ ከሚባል ተክል ይመዘዛል። ነገር ግን ተክሉ ከብት ይመርዝ ነበር፤ ከእርሱ የወጣው ጋሌጂንም ለሰው መርዛማ ሆኖ ተትቷል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር ሕክምና ያቀረበው በቤተ ሙከራ የተሠራ ሌላ ውሕድ ነው። ታሪኩ ለዕፅ የሚመሰክረውን ያህል ለመጠንና ለምርመራም ይመሰክራል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከጤና ባለሙያዎች የሚመጣው ነው፤ ሕመምተኛውን ስለ ባህል መድኃኒት መጠየቅ እንደ ማጽደቅ ይቆጠራል ይላሉ። በአገራችን ግን ተቃራኒውን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ምእመኑ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ የሚያስገድደው ነገር በሃይማኖቱ በኩል ቀረ ማለት ነው። ምሳሌው ለስኳር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ እዚህ «አብራችሁ ውሰዱ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ጸበልተኛው የሚጾምበት ሰዓትና የሚወስደው መጠን መታወቅ አለበት። ስለዚህ በየክትትሉ «ከዚህ ሌላ ምን ይወስዳሉ? መድኃኒቱን ያቋረጡበት ቀን አለ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ካርዱ ላይ ማስፈር የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል። ይህ ካልተደረገ ስኳሩ ወርዶ የመጣን ሕመምተኛ ሐኪሙ ምክንያቱን ሳያውቅ ክኒኑን ይቀንስለታል፤ ቅጠሉ ያለቀ ጊዜ ስኳሩ ተመልሶ ይወጣል።